10 ፒክስል የበላ ቅንፍ

ዛሬ አንድ የሲኤስኤስ (የድረ ገጽን መልክ የሚወስነው ቋንቋ) ማሳጠሪያ ኮድ 10 ፒክስል ዋጥ አድርጎ አለፈ። ካልክ (calc፣ ሲኤስኤስ ውስጥ ሒሳብ የሚሠራው) ውስጥ የገባለት «100% - (20ፒክስል - 5ፒክስል)» ነበር። ያወጣው? «100% - 25ፒክስል»። መልሱ 15 ነበር።

ኮዱ ቅንፉን አውልቆ ጣለና ከፊቱ ያለውን የመቀነስ ምልክት ወደ ውስጥ ማስገባት ረሳ። መፍትሔው መቀነስን ከነጭራሹ ማጥፋት ነው፤ «ሀ - ለ» ሲመጣ «ሀ + (-1 × ለ)» ብሎ መያዝ። ከዚያ -1ን ቅንፉ ውስጥ ላለው ለእያንዳንዱ ማዳረስ፣ ከዚያ አሃዳቸው አንድ የሆኑትን መደመር።

«ታይፕስክሪፕት እያለ እንዴት አመለጠ?» የሚል አይጠፋም፤ ታይፕስክሪፕት የእሴቶችን ዓይነት (ታይፕ) አስቀድሞ የሚፈትሽ የኮድ ቋንቋ ነው። ቁጥር፣ ርዝመት፣ ፐርሰንት፣ ድምር፣ ብዜት ለየራሳቸው ታይፕ ካላቸው፣ ስዊቹ (እያንዳንዱን ዓይነት ለየብቻ የሚያስተናግደው የኮድ ክፍል) ውስጥ አንዱን ብትረሱ፣ የቀረ ዓይነት አለመኖሩን በሚያረጋግጠው የ«ኔቨር» ፍተሻ ኮምፓይለሩ (ኮዱን የሚፈትሸውና የሚተረጉመው ፕሮግራም) ይጮኻል። የተገለበጠ ምልክት ግን ለእሱ ያው ቁጥር ነው። እሱን የሚይዘው ቴስት ብቻ ነው።

ሌላው ወጥመድ አሃድና ዜሮ ነው። 1 ኢንች ሁልጊዜ 96 ፒክስል ስለሆነ «1ኢንች + 4ፒክስል» ያለ ስጋት 100 ፒክስል ይሆናል። ፐርሰንትና ኢኤም (በፊደል መጠን የሚለካ አሃድ) ግን ገጹ ሳይሰላ ስለማይታወቁ ወደ ፒክስል አይቀየሩም። «0ፒክስል»ን ካልክ ውስጥ «0» ብላችሁ ካሳጠራችሁት ደግሞ ርዝመት መሆኑ ቀርቶ ተራ ቁጥር ይሆናል፤ ቁጥርና ርዝመት አይደመሩም። ብራውዘሩም አያስጠነቅቅም፣ መስመሩን ዝም ብሎ ይጥለዋል። በ+ እና በ- ግራና ቀኝ ያለውን ክፍት ቦታ የበላ ማሳጠሪያም ዕጣው ያው ነው።