የእንቦጭ ዘር የሚበቅለው ጭቃው ላይ ነው

ባህር ዳር ላይ ቆሞ ጣናን ለሚያይ ሰው ሐይቁ ሰላም ይመስላል። ውሃው ሰፊ ነው። ጀልባው ወደ ዘጌ ይመላለሳል። ለዚህ ይመስለኛል ብዙ የከተማችን ሰው እንቦጭ የሚባለውን ተንሳፋፊ የውሃ አረም የወዲያኛው ዳርቻ ጣጣ አድርጎ የሚያየው። እኔ ግን ከሐይቁ በስተሰሜን ያለችው የደንቢያ ልጅ ነኝ። ያደግኩት መገጭ ወንዝ ጣና ከሚገባበት ብዙም ሳይርቅ ነው። እንቦጭ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጣና ላይ ሲታይ መጀመሪያ የታየው እዚያው እኛ አገር በኩል ነው። አጎቴ ዛሬም እዚያው ያርሳሉ።

አንዱን ነቅላችሁ በቅርብ እዩት። አገዳው ያበጠ ነው፤ ስትጫኑት እንደ ስፖንጅ ይሟሽሻል። ውስጡ አየር ስለሆነ ነው የሚንሳፈፈው። ሥሩ ጠቆር ያለ፣ ጸጉራም ነው። ስታራግፉት ደለልና ጥቃቅን ቀንድ አውጣ ይረግፋል። አበባው ግን ሲያምር! ፈዘዝ ያለ ወይን ጠጅ፣ ከላይ በኩል ቢጫ ነጥብ ጣል ያለበት። ከደቡብ አሜሪካ አውጥቶ ዓለምን ያዳረሰው ይኸው ውበቱ ነው፤ ሰው ለጌጥ ብሎ ወሰደው። እኛ አገር ቆቃ ሐይቅ ላይ ከታየ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል።

አንዴ ውሃውን ከሸፈነ ብርሃን ወደ ታች አይገባም። ዓሣ የሚመገባቸው ደቂቅ ዕፅዋት ያልቃሉ፣ ኦክስጅኑም ይቀንሳል። የሞተው እንቦጭ ታች ወርዶ ሲበሰብስ ደግሞ የተረፈችውንም ይጨርሳታል። አምባዛ ብቅ ብሎ አየር መሳብ ስለሚችል ይቋቋመዋል። ቀረሶ ግን አይችልም።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ነጭ ዓሣ ነው። ጣና ውስጥ ከ10 በላይ ዝርያ አለው፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሉም። ብዙዎቹ እንቁላላቸውን ለመጣል በክረምት ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ሽቅብ ይወጣሉ። የወንዙ አፍ በእንቦጭ ከታፈነ በየት በኩል ይለፉ?

በየዓመቱ እንቦጭን የመንቀል ዘመቻው የሚደምቀው ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው። ገበሬው እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲጎትት አይቻለሁ። እባቡ አለ፣ አልቅቱ አለ፣ ቢልሃርዚያው አለ። ያን ሰው ማመስገን ያንሰዋል። ነገር ግን የተጎተተው እዚያው ዳር ላይ ይከመራል። ክረምት ሲመጣ ሐይቁ ሞልቶ ክምሩን ከነዘሩ መልሶ ይወስደዋል።

እኔ እንደማምነው ዋናው ወቅት ሌላ ነው። ጣና መስከረም ላይ ይሞላል፣ ግንቦት ላይ ይሸሻል። ውሃው ለቆት የሚሄደውን መሬት ባህር ሸሽ እንለዋለን፤ ሽምብራና ጓያ የሚዘራበት ነው። የእንቦጭ ዘር ደግሞ እዚያ ጭቃ ውስጥ ተኝቶ 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ውሃው ሸሽቶ ፀሐይ ሲነካው እርጥቡ ጭቃ ላይ ይበቅላል። ሐይቁ ሲሞላ ተነቅሎ ይንሳፈፋል። ከዚያ በኋላ ዘርም አያስፈልገው፤ ከጎኑ ቅርንጫፍ እያወጣ ባመቸው ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል።

አጎቴ ሰሞኑን ስንደዋወል ይህንኑ ነው ያሉኝ። «ልጄ፣ ግንቦት ላይ ጣት አያክልም። ሕፃን ልጅ በዘንቢል ይለቅመው ነበር። ጥቅምት ላይ ግን አገር ቢወጣ አይበግረውም።» ከብቶቹ ሣር ሲያጡ እሱን ይበላሉ፣ ሆዳቸውን ያስቀምጣቸዋል ብለው ሲያማርሩም ነበር።

እኛ ባህር ዳሮችስ? እንቦጭ የሚፋፋው በናይትሮጅንና በፎስፈረስ ነው። ያ ደግሞ ከማሳ ታጥቦ የሚመጣው ማዳበሪያ ብቻ አይደለም፤ ሽንት ቤትና የሳሙና እጣቢም ነው። ከሐይቁ ዳር ተቀምጠን ቡና ስንጠጣ ከጎናችን ያለው ቦይ ምን ይዞ እንደሚገባ ዞር ብሎ ማየት ነው። ቧንቧውን ጣና ላይ የደፋ ሰው ደንቢያ ላይ እንቦጭ ቢነቅል ምን ዋጋ አለው? ለእኔ ፍሳሽን ማጣራትና እንቦጭን መንቀል አንድ ሥራ ናቸው።

ግንቦት ላይ ደንቢያ እሄዳለሁ። አብሮኝ መሄድ የሚፈልግ ቦቲና ዘንቢል ይያዝ። የለቀምነውን ከዳርቻው አርቀን፣ ውሃ የማይደርስበት ቦታ ላይ እናደርቀዋለን። ማደሪያ አያሳስባችሁ፤ አጎቴ ቤት አለ።