መኪናዬን ከአባ ኮዳና ከእማዬ ቅቤ ለማዳን

ሀዋሳ ላይ መኪና የሚያቆም ሰው ሁለት ምርጫ አለው። ፀሐይ ላይ ካቆመ ሲመለስ መሪው እጁን ይፈጀዋል። ዛፍ ሥር ካቆመ ደግሞ ወፍ ይጥልበታል። እኔ ጥላውን መረጥኩ፤ ጣጣዬም ከዚያ ጀመረ።

መኪናዬ ያገለገለች ጥቁር ኮሮላ ናት። ወንበሯ ክሬም ቀለም ያለው ቆዳ ነው። ለአቧራና ለፀሐይ ከተማ ከዚህ የባሰ ቀለም መምረጥ ይከብዳል። ግን ታምራለች፣ ምን ላድርግ።

አንድ እሑድ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ልንበላ ሄድን። ትልቅ ሾላ ሥር አቆምኳት። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣውን ትርፍራፊ ጠግበው ቅርንጫፉ ላይ እንደ ሽማግሌ ተኮፍሰዋል። ስንመለስ ኮፈኑ ላይ የሻይ ሳህን የሚያህል ነጭ ነገር ተንጠፍጥፏል። «ነገ ላቫጆ እወስዳታለሁ» አልኩ። ነገ የተባለው ረቡዕ ሆነ። ሲታጠብ ነጩ ለቀቀ፣ ቅርጹ ግን ቀረ። ጣቴን ሳሳልፍበት ይሻክራል።

ምክንያቱን ያወቅኩት ቆይቼ ነው። የወፍ ኩስ ውስጥ ዩሪክ አሲድ አለ። ከዚያ በላይ ግን ሙቀቱ ነው ጉዱ። ላሜራው ፀሐይ ላይ ሲግል ከቀለሙ በላይ ያለው፣ ክሊር የሚሉት ብርሃን አሳላፊ ሽፋን ይለሰልሳል። ኩሱ እየደረቀ ይኮማተራል። ማታ ሲቀዘቅዝ ክሊሩ የኩሱን ቅርጽ እንደያዘ ይጠነክራል። ማኅተም ተመታበት ማለት ነው።

ያኔ ዕቁብ ደርሶኝ ኪሴ ሞቅ ብሎ ነበር። ሴራሚክ የሚሉትን፣ ቀለሙ ላይ ደርቆ የሚጠነክር መከላከያ ፈሳሽ የሚቀባ ቤት ሄድኩ። ልጁ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየኝ። ውሃው ኮፈኑ ላይ እየተንከባለለ ይወርዳል። «ናይን ኤች ነው ወንድሜ፣ ቁልፍ እንኳን አይጭረውም። አምስት ዓመት ዋስትና አለው» አለኝ። ከወር ደመወዜ የሚበልጥ ብር ከፈልኩ። ግቢ ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ታጥባ፣ ተጠርጋና ተቀብታ ወጣች። እንደ መስታወት ታበራለች። ያን ሰሞን ሰው ቤት ስሄድ በመስኮት በኩል የምትታይበት ቦታ እየፈለግኩ ነበር የማቆማት።

ይሄ የሆነው መስከረም ላይ ነው። ጥር ላይ ውሃው መንከባለሉን ተወ። በጠዋት ፀሐይ በጎን ሳያት ደግሞ ኮፈኗ በሙሉ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት አለው፤ አልፎ አልፎም ደመና የመሰለ ነገር ይታያል። ሴራሚክ የቀቡልኝ ጋ ስመለስ «አጠባበቅህ ነው» አሉኝ። ዋስትናው ላይ በየስድስት ወሩ እነሱ ጋ መታየት አለበት የሚል በጥቃቅን ፊደል ተጽፏል። ስድስት ወር እንኳን አልሞላም ብል ማን ይሰማኛል።

ያዳኑኝ ሰፈራችን ያሉ ጡረታ የወጡ ቀለም ቀቢ ናቸው። «ጋሼ፣ እስኪ ይቺን ይዩልኝ» ብዬ ወሰድኳት። መነጽራቸውን አድርገው ዞሯት። ከኪሳቸው በጨርቅ የተጠቀለለች ማግኔት አወጡ። በሩ ላይ ጥብቅ ብላ ያዘች። ግራው ፓራፋንጎ ላይ ሲያስጠጓት ወደቀች።

«ከቀለሙ ሥር ስቱኮ ነው፣ የተጎዳ ላሜራ የሚሞላበት። ተጋጭታለች። አልነገሩህም?»

አልነገሩኝም። እኔ ስለ ኩስ ልጠይቅ ሄጄ የመኪናዬን ታሪክ ሰምቼ ተመለስኩ።

ከዚያ አስተማሩኝ። ፋብሪካ የቀባው ክሊር ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ራሱ 70 ገደማ ነው። ሴራሚክ የሚባለው ሲደርቅ 1 ወይም 2 ማይክሮን ብቻ ነው። «ይሄ ነው ድንጋይ የሚመልስልህ?» ብለው ሳቁ። ናይን ኤች የተባለውም የእርሳስ መለኪያ ነው። እርሳስ በጥንካሬ ተደርድሮ ቀለሙ ላይ ይጫራል፤ በመለኪያው የመጨረሻው ጠንካራ እርሳስ 9 ኤች ነው። አሸዋ ግን ከእርሳስ በብዙ ይጠነክራል። ላቫጆ ውስጥ መሬት ወድቆ የተነሳ ጨርቅ ደግሞ አሸዋ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። የድንጋይ ምት የሚችለው ፒፒኤፍ የሚባለው የሚለጠፍ ፊልም ነው። እሱ ከ150 እስከ 200 ማይክሮን ይደርሳል። ዋጋውን ስሰማ ግን ከሞጆ በኩል ስመጣ ከፊቴ ካለ ሲኖትራክ ትንሽ ራቅ ብዬ መንዳት መረጥኩ።

ሴራሚክ ራሱ ውሸት አይደለም። ወንድሜ አዲስ አበባ አስቀብቶ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ እስካሁን ውሃ አይዝም። ልዩነቱ የሱን ዝግ ክፍል ውስጥ ሁለት ቀን ነው የሠሩት። መጀመሪያ ክሌይ በሚሉት ጭቃ መሳይ ነገር ቀለሙ ላይ የተጣበቀውን ሁሉ አነሱ። በፖሊሽ ጭረቱን አጠፉ። የፖሊሹን ቅባት በአልኮል ጠረጉ። ቀቡ፤ አሳደሩ። ለሳምንት ያህል በሳሙና እንዳታጥባት አሉት። የኔ ጭረት የተሸፈነው እንዳለ ነው። ፀሐይ ላይ ስለተቀባም ፈሳሹ ሳይጠረግ ቶሎ ደርቆ ነው ደመናው የቀረው። እቃው ምን እንደነበር እንኳን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ጠርሙሱን አላየሁትም። ዛሬ ቢሆን ከሥራው በፊት ጠርሙሱን፣ ክፍሉንና ስንት ቀን እንደሚፈጅ ነበር የምጠይቀው። ቪዲዮውን አላይም።

ጋሼ በእጃቸው፣ በቀስታ፣ ጭረቱን አቀለሉልኝ። ሙሉ በሙሉ እንዲያጠፉት ብለምናቸው እምቢ አሉ። «ፖሊሽ ማለት መፋቅ ነው። ክሊሩ ካለቀ ዳግም ቀለም ነው የሚያስፈልግህ።» የአባ ኮዳው ማኅተምም ደብዝዞ አለ። እሱን ለምጄዋለሁ።

አሁን የምቀባው ሲላንት የሚሉትን ነው። ሰው ሠራሽ የቀለም መከላከያ ነው፤ ከሰም የበለጠ ይቆያል። ሰም ያምራል፣ ግን በእኛ ፀሐይ ከጥቂት ሳምንት አያልፍም። ሲላንቱን በየአራት ወሩ በረንዳ ሥር፣ ጠዋት ላሜራው ሳይሞቅ ራሴ እቀባለሁ። ኦሞ አቁሜያለሁ። ሁለት ባልዲ አለኝ፤ አንዱ ለሳሙና፣ አንዱ ስፖንጁን ለማለቅለቅ። የሁለተኛውን ባልዲ ታች ብታዩት ስንት አሸዋ እንደሚዘቅጥ ትደነግጣላችሁ። ሸራ ላልብሳት ብዬም ነበር። ነፋስ ሲያወዛውዘው ከሥሩ ያለውን አቧራ ቀለሙ ላይ እያሸ ሊጨርሳት ሆነ፤ ተውኩት።

ወንበሩ ሌላ ታሪክ ነው። እማዬ ለታኅሣሥ ገብርኤል ከአገር ቤት መጣች። ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታ ከፊት ተቀመጠች። መሄጃዋ ሲደርስ የራስ መደገፊያው ጠቁሯል። የባለቤቴ ጂንስ ደግሞ ክሬሙን ወንበር ሰማያዊ አድርጎታል። እኔ ብልህ ነኝ ብዬ ከሊስትሮ ቤት ቀለም አልባ የጫማ ክሬም ገዝቼ ወንበሩን በሙሉ አሸሁት። አበራ! እማዬን መናኸሪያ ላደርስ ስሄድ ግን ነጭ ነጠላዋ ጀርባው ላይ ወዝ ይዞ ተነሳ። ምንም አላለችም። ዝም ማለቷ ነው የከፋው።

ያልገባኝ ነገር ይሄ ነበር። የመኪና ወንበር ቆዳ እንደ ጫማ አይደለም። አብዛኛው ላዩ ቀለምና ስስ የፖሊዩሬታን (ፕላስቲክ መሳይ) ሽፋን አለው። ስለዚህ «ቆዳውን ይመግባል» የሚባል ቅባት ላዩ ላይ ነው የሚቀረው፤ አቧራ ይይዛል፣ ልብስ ላይ ይወጣል። ለማወቅ አንድ ጠብታ ውሃ ይበቃል። ቶሎ ከጠጣው ሽፋን የለውም፤ እንደ ዶቃ ከቆመ አለው። የኔ ቆመ። ይባስ ብሎ የወንበሩ ጎንና ጀርባ ጭራሽ ቆዳ አይደለም፣ ቆዳ መሳይ ሰው ሠራሽ ነው። ለካ ያን ሁሉ ክሬም ላስቲክ ላይ ነው ያፈሰስኩት።

አሁን ለዘብ ባለ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ አጸዳለሁ፤ የጫማውን ክሬም ለማስለቀቅ ብቻ ሦስት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል። ሲደርቅ ውሃ ላይ የተመሠረተ የቆዳ መከላከያ እቀባለሁ። አያብረቀርቅም፤ ሻጩ ይቅርታ እየጠየቀ ነው የሸጠልኝ። ጂንሱ ግን ቶሎ አይነክሰውም፣ ከነከሰም በእርጥብ ጨርቅ ይለቃል። ለቅቤ ሌላ መላ አላገኘሁም። የራስ መደገፊያው ላይ ፎጣ አስሬያለሁ። እማዬ ፎጣውን ስታይ ሳቀች። ታርቀናል መሰለኝ።

መኪናው ውስጥ አንድ የውሃ ጠርሙስና ንጹሕ ጨርቅ አይጠፋም። ኩስ ሲወድቅ ጨርቁን አርሼ ለጥቂት ደቂቃ ላዩ ላይ እተወዋለሁ፤ ሲለሰልስ አነሳዋለሁ፣ አላሽም። ሲላንት ቢኖርም ባይኖርም ይሄ አይቀርም፤ መከላከያው ጊዜ ይሰጣል እንጂ ኩሱን አያስቀርም። ባለፈው እሑድ አሞራ ገደል ፀሐይ ላይ አቁሜያት እንኳን አንዱ ሲያልፍ ጣለባት። ዓሣዬን ትቼ ተነሳሁ። «ይቀዘቅዝብሃል» አለች ባለቤቴ።

ቀዘቀዘ።