ኮፈኑ ይከፈታል?

አጎቴ መኪናቸውን ለማስነሳት አይቸኩሉም። ቁልፉን ግማሽ ያዞሩና ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቢጫ መብራት እስክትጠፋ ይጠብቃሉ፤ ካንዴላው ይሙቅ ብለው ነው። ረቡዕ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ አየር ጤና፣ ደጃቸው ላይ ሆነን ይህችኑ መብራት ጠበቅን። ከዚያ ናፍጣዋ ተነሳችና ወደ ሰበታ ወጣን። ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች።

መኪናዋ በ1982 የተሠራች ማርቼዲስ 240 ዲ ናት (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ጉልበቷ 72 ፈረስ ብቻ ነው። አጎቴ በወጣትነታቸው የኤንትሬ ጭነት መኪና ረዳት ሆነው የጅማን ቡና ወደ አዲስ አበባ ሲያመላልሱ ነበር፤ ኋላ ሹፌር ሆኑ፣ ኋላ የራሳቸውን ንግድ ከፈቱ። ሰፈርተኛው "ሰው ሆነ" ያላቸው ይህችን የገዙ ዕለት ነው። አሁን ልጃቸው ሽጠዋት ኤሌክትሪክ እንዲገዙ ትወተውታቸዋለች። ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ ነገሩ ዛሬ ወይም ነገ መምጣቱ አይቀርም። እሳቸው ግን መጀመሪያ ጅማን በዚህችው መኪና ልያት አሉ።

ወሊሶ ቁርስ በላን፣ ወልቂጤን አለፍን። ከዚያ መንገዱ ወደ ግቤ በረሃ ይወርዳል፤ መስኮት ሲከፈት የሚገባው አየር ትኩስ ነው። ቁልቁለቱን ማርሽ ቀንሰው ቀስ ብለው ወረዱት። ከድልድዩ ማዶ ያለውን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ስንወጣ አንዲት ነጭ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ድምፅ ሳታሰማ አለፈችን። አጎቴ እስክትሰወር በዓይናቸው ሸኟት።

"እነዚህ እንዲህ የሚሮጡ ከሆነ ማርቼዲስ ምን ይበጀዋል?" አሉኝ።

ስለ መኪና ኩባንያዎች ማንበብ እወዳለሁና ሰኮሩ እስክንደርስ ያወራነው ይህንኑ ነው። የእሳቸው መኪና ዓይነት ከ1976 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል ሲሠራ ወደ 2.7 ሚሊዮን ተሸጧል። የማርቼዲስን ስም በዓለም ያጸናው የንጉሥና የፕሬዚዳንት መኪና ብቻ አይደለም፤ የጀርመንና የሞሮኮ ታክሲ ነጂ ዕድሜ ልኩን እንጀራ የበላባት ይህችው ናት። በዚያ ዘመን መሐንዲሱ መኪናውን እንደሚገባው ይሠራና ዋጋው ከኋላ ይመጣ ነበር። በ1990ዎቹ ነገሩ ተገለበጠ፤ መጀመሪያ ዋጋው ተወሰነ፣ መኪናው ለዋጋው ተሠራ። በ1995 የወጣው ኢ ክላስ በዝገት ስሙ ጎደፈ። በ1997 አዲሱ ኤ ክላስ አንድ የስዊድን መጽሔት ባደረገው ፈተና፣ ድንገት ከፊት የገባ እንስሳ እንደሚሸሽ ሰው መሪው ሲጠመዘዝ ተገለበጠ። ኩባንያው ሽያጩን አቁሞ፣ ያን ጊዜ በውድ መኪኖች ላይ ብቻ የነበረውን መንሸራተት መቆጣጠሪያ በሁሉም ላይ ገጠመ። በ1998 ከክራይስለር ጋር ተዋሐደ። በ2005 በፍሬንና በኤሌክትሪክ ችግር 1.3 ሚሊዮን መኪና ለጥገና ጠራ፤ በዚያው ዓመት ቢኤምደብልዩ በሽያጭ በለጠው።

"ሳንቲም የሚቆጥር ሰው ገብቶ ነው" አሉ አጎቴ።

እኔም የማምነው ይህንኑ ነው። ኩባንያው ወደ ስሙ የተመለሰበት መንገድም ከመኪናው ዕቃ የተጀመረ ነበር። በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዘውን ውስብስብ ፍሬን በ2006 ከኢ ክላስ አውጥቶ ወደ ለመደው ሃይድሮሊክ ተመለሰ፤ በ2007 ክራይስለርን ለቀቀ፤ በ2016 ቢኤምደብልዩን መልሶ ቀደመ። አልቆየለትም፤ በ2021 እንደገና ተቀደመ። በ2024 የሸጠው 1.98 ሚሊዮን ያህል ነው፣ ከ2023ቱ ያነሰ፤ ዋናው ምክንያት ቻይና ውስጥ ገበያ መቀነሱ ነው። አሁን የሚፎካከረው ግቤ ዳገት ላይ ካለፈችን መኪና ዘመዶች ጋር ነው።

አሰንዳቦን እንዳለፍን ከሞተሩ በኩል ፉጨት ተሰማ። "ቺንጋ ነው፣ አርጅቷል" አሉ አጎቴ ወዲያው። ሰርቦን ቀስ ብለን አልፈን ከሰዓት በኋላ ጅማ ገባን፤ ባጃጁ፣ የአዌቱ ወንዝ ዳርቻ ዛፉ፣ ዝናብ ያዘለው ደመና። ምሳ እንኳ ሳንበላ ቀጥታ ጋራዥ።

መካኒኩ ሠላሳ ያልሞላው ልጅ ነው። መኪናዋን ሲያይ እጁን በጨርቅ ጠረገ። ኮፈኑን ከፍቶ መደገፊያ አልፈለገም፤ ማጠፊያውን ጫን አድርጎ ወደ ላይ ገፋው፣ ኮፈኑም እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ቆመ። ያን ጊዜ ሞተሩ ከሦስት ወገን ክፍት ሆነ። ልጁ ጎንበስ ሳይል እጁን ሰደደ፣ ያረጀውን ቺንጋ ፈታ፣ ጣቱን የላስቲኩ ስንጥቅ ውስጥ ከቶ አሳየን። አዲሱን ከሱቅ አስመጥቶ እስኪያስር ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። እኔ ግን ዓይኔ ከቆመው ኮፈን ላይ አልነሳ አለ። ይህን የነደፈው ሰው፣ አንድ ቀን የማያውቀው አገር መካኒክ ጀርባውን ሳያጎብጥ እንዲሠራ አስቦለታል። ስም የሚገነባው እንዲህ ባለ ቦታ ነው፤ ማስታወቂያ የማይደርስበት።

"ፋዘር፣ እስቲ ይቺን ይዩዋት" አለና ልጁ ስልኩን አቀበላቸው። በ2025 መስከረም ሙኒክ ላይ የታየው አዲሱ ኤሌክትሪክ ጂኤልሲ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ትልልቆቹ የማርቼዲስ ኤሌክትሪኮች ለነፋስ እንዲመቹ ተብሎ እንደ እንቁላል የለሰለሱ ነበሩ፤ ብዙ ደንበኛ ፊታቸውን አልወደደውም። ይህኛው ግን ሰፊ የክሮም ፍርግርግ ፊቱ ላይ ይዞ ተመልሷል፤ የድሮዎቹ ዓይነት፣ በነጥብ በነጥብ የሚበራ። አጎቴ መነጽራቸውን አውጥተው አዩት፣ የራሳቸውን መኪና አዩ፣ ደግመው ስልኩን አዩት።

"ፊቱ የኛ ነው። ኮፈኑ ይከፈታል?"

ጥያቄው ሞኝ ጥያቄ አይደለም። በ2021 የወጣው ትልቁ የማርቼዲስ ኤሌክትሪክ፣ ኢኪውኤስ፣ ባለቤቱ ኮፈኑን እንዳይከፍት ነው የተሠራው፤ መክፈት ለኩባንያው ጋራዥ ብቻ ነው፣ የመስታወት ማጠቢያ ውሃ እንኳ የሚጨመረው ጎኑ ላይ ባለች ትንሽ በር ነው። አዲሱ ጂኤልሲ ግን ይከፈታል፤ ውስጡም የዕቃ ቦታ አለው። ይህን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አልተናገሩም።

ማግስቱ ሐሙስ ስለነበር ሂርማታ ገበያ ወረድን። እህሉ፣ ማሩ፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለው የጅማ ወንበር፤ አጎቴ ግን ዓይናቸው ቡና ላይ ነበር። እሳቸው በሚጭኑበት ዘመን "ጅማ 5" ማለት በዓለም ገበያ ርካሽ ቡና ማለት ነበር፤ ጥቁርና የተሰባበረ ፍሬ የበዛበት፣ መሬት ላይ የደረቀ ጀንፈል፣ ከሌላ ጋር ለመቀላቀል የሚገዛ። ዛፉ ያው የጫካ ዛፍ፣ አፈሩ ያው አፈር ሆኖ ስሙ ወደቀ። ኋላ በአጋሮ በኩል፣ ጎማና ጌራ ላይ፣ ገበሬዎች በማኅበር ሆነው ማጠቢያ ተከሉ፤ ቀይ እሸቱን ብቻ ለቅመው፣ በዕለቱ ፈልፍለው፣ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ማድረቅ ጀመሩ። ዛሬ ያ ቡና የአገሩ ስም ተጽፎበት በውድ ዋጋ ይሸጣል። አንዲት ነጋዴ እናት እፍኝ የታጠበ ቡና ዘረጋችልን። አጎቴ አንድ ፍሬ አንስተው በጥፍራቸው ገፈፉት፣ አሸተቱት።

"እኛ ያን ጊዜ እንዲህ ብናደርገው ኖሮ" አሉና ቀሪውን ዋጡት።

አምስት ኪሎ ገዙ። ከሰዓት በኋላ ጅሬን ወጣን፤ ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከኮረብታው ላይ ከተማዋን ቁልቁል ያያል። የእንጨቱ ሥራ የሚያስደንቅ ነው፤ አጎቴ በረንዳው ላይ እጃቸውን በአጥሩ ላይ እያንሸራተቱ ብዙ ቆዩ። እኔ ከታች መኪናዋን አየኋት፣ የፊቷ ክሮም ፀሐይ ይዞ ነበር።

እዚያው በረንዳ ላይ ስልካቸው ጠራ። ልጃቸው ናት፤ በሰላም መድረሳችንን ጠየቀች፣ መኪናዋ እንዴት ሆነች አለች።

"ደህና ናት፣ ቺንጋ ብቻ ነው የቀየርነው" አሏት። ትንሽ ዝም አሉ። "ስሚ፣ ያልሽውን ኤሌክትሪክ ስመለስ አይቸው ልምጣ። ማርቼዲስ ይሁን፣ የቻይናም ይሁን። ኮፈኑ መከፈቱን ግን አስቀድመሽ ጠይቂልኝ።"