ጋሼ፣ ግፊትዎን ልለካልዎት

ሐሙስ ሐሙስ የጅማ ሰው ከሂርማታ ገበያ ሲመለስ ፋርማሲያችን ይጨናነቃል። ከግፊያው መሀል አንድ ጎልማሳ ከግል ክሊኒክ የተጻፈ ሲምቫስታቲን የተባለ የኮሌስትሮል ኪኒን ማዘዣ ሰጡኝ። የአንድ ወር ነው። «ልጄ፣ ጨመር አድርጊልኝ» አሉ። ለምን ስላቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቫይረስም እንዳይራባ ያደርጋል አሉ። የእህቴ ልጅ ቴሌግራም ላይ አንብቦ ነው።»

ልጁ ከመሬት ተነስቶ አላወራም። ሲምቫስታቲንና ዘመዶቹ፣ ስታቲኖች የሚባሉት፣ ሰውነት ኮሌስትሮል የሚሠራበትን ኢንዛይም ይገታሉ። በዚያው መንገድ የሚሠሩ ሌሎች ቅባት ነክ ነገሮችም አብረው ይቀንሳሉ። የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ ደግሞ ለመራባት እነሱን ይፈልጋል። ላቦራቶሪ ውስጥ ቫይረሱ ያለባቸው ሴሎች ላይ ስታቲን ሲጨመር የቫይረሱ መራባት ቀንሷል። አቶርቫስታቲን የተባለው ሌላ ስታቲን ብቻውን ለታማሚዎች ሲሰጥ ግን ደማቸው ውስጥ ያለው ቫይረስ አልቀነሰም። ሳህን ላይ ያለ ሴል ጉበት የለው፣ ኩላሊት የለው፣ ሌላ ኪኒን አይውጥ!

«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የለም።» ጥያቄዬን ሳልጨርስ ነው የመለሱት። ከኋላቸው የሰፈራቸው ሰው የሚመስሉ እናት ቆመዋል። የትኛው ቫይረስ እንደሆነም አልነገሩኝም።

«ጋሼ፣ ግፊትዎን ልለካልዎት» ብዬ ወደ ውስጥ አስገባኋቸው። (ግፊታቸው ደህና ነበር።) በሩ ሲዘጋ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ብልቃጥ አወጡ። አታዛናቪር ከሪቶናቪር ጋር። ሁለተኛ መስመር፣ ማለትም የመጀመሪያው አልሠራ ሲል የሚሰጥ፣ የኤችአይቪ መድኃኒት ነው።

ሪቶናቪር ሲምቫስታቲንን የሚያጣራውን የጉበት ኢንዛይም ይዘጋል። ሲምቫስታቲኑ ደም ውስጥ ይከማቻል፣ ጡንቻ መፈራረስ ይጀምራል፣ ከጡንቻው የሚወጣው ነገር ኩላሊትን ያደክማል። ሁለቱ አብረው አይሰጡም፤ በቃ። እሳቸው ጨመር አድርጊልኝ ያሉኝ ይህንኑ ነው። ለክሊኒኩም «የለም» ብለው ኖሯል። ማን ይፈርድባቸዋል? ሁሉም በሚተዋወቅበት ከተማ፣ በር ሳይዘጋ የሚጠየቅ ጥያቄ መልሱ «የለም» ነው።

አልሸጥኩላቸውም። ኤችአይቪ ክትትላቸውን ለያዘው ሐኪም ማስታወሻ ጽፌ ላክኋቸው፤ አቶርቫስታቲን በዝቅተኛ መጠን ተቀየረላቸው። ስታቲን ለእሳቸው አይሆንም ማለት እኮ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ሪፕሪቭ የተባለ ጥናት ኤችአይቪ ባለባቸው ሰዎች ላይ ፒታቫስታቲን የተባለ ስታቲን ከባድ የልብና የደም ሥር ችግርን በ35 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ጥቅሙ ለልብ ነው። ቫይረሱን የሚይዘው የብልቃጡ መድኃኒት ነው። ይህን ደጋግሜ ነገርኋቸው።

ከዚያ ወዲህ የኮሌስትሮል ኪኒን ሊገዛ የመጣ ሁሉ ውስጥ ገብቶ ግፊቱን ይለካል። የፋርማሲው ባለቤት፣ የመለኪያው ባትሪ ምን እየበላው ነው እያለ ያማርራል።