ዝም ያለ ልጅ ሁሉ ተረጋግቷል ማለት አይደለም

ዛሬ የእህቴን ልጅ ልጠይቅ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። ጎኑ የተኛው ሕፃን እናቱ "ሰዓት አልፏል" ተብላ ስትወጣ አምርሮ አለቀሰ። ከዚያ ዝም አለ። ሰዎች "ተረጋጋ" አሉ።

እኔ ከእናታቸው የተለዩ ሕፃናትን ያጠናው ጄምስ ሮበርትሰን ትዝ አለኝ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለንደን ውስጥ በሕፃናት ሥነ ልቦና ባለሙያዋ በአና ፍሮይድ የሕፃናት ማቆያ ሠርቷል። ልጆችን አስተውሎ መመዝገብን ከእሷ ነው የተማረው። በኋላ ከአእምሮ ሐኪሙ ከጆን ቦልቢ ጋር ሆስፒታል የተኙ ሕፃናትን ተከታተለ። መጀመሪያ ያለቅሳሉ፣ ቀጥሎ ተስፋ ይቆርጣሉ፣ በመጨረሻ እናታቸው ስትመጣ እንኳ ፊት ይነሷታል። ያ ዝምታ ሐዘን ነው!

የአንዲት የሁለት ዓመት ልጅን የሆስፒታል ቆይታ በፊልም ቀርፆ በ1952 እ.ኤ.አ. ለሐኪሞች አሳየ። ብዙዎቹ ተቆጡ። በ1959 ግን የእንግሊዝ መንግሥት ኮሚቴ ወላጆች በማንኛውም ሰዓት እንዲጠይቁ መከረ።

የሕፃናት ክፍል የምትሠሩ፣ እባካችሁ እናትየዋን አታስወጧት።