የፓምፑ ድምፅ

ዛሬ ከሥራ የተመለስኩት ሆድ ብሶኝ ነው። ለምን እንደሆነ በቅጡ አላውቀውም። መብራት አጥፍቼ ጋደም እንዳልኩ የብሎካችን የውሃ ፓምፕ ተነሳ። ጠጠር የሚያላምጥ ይመስላል።

ጠጠር ግን አልገባበትም። ከመሬት በታች ካለው ታንከር ሲስብ መግቢያው ላይ ግፊቱ ይወርዳል። ያኔ ውሃው ሳይሞቅ ይፈላል። አረፋው ወደ ውስጥ ገብቶ ሲከስም ብረቱን እየቦረቦረ ይበላዋል። እዚህ አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ ከፍታ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው። ባህር ዳርቻ ላይ የአየር ግፊት ውሃን እስከ 10 ሜትር ድረስ ሽቅብ ይገፋል፤ እኛ ጋ 8 እንኳ አይሞላም። ፓምፑን የመረጠው ሰው ይህን አስቦት ይሆን?

ትናንት የጎረቤቴ ልጅ መጥቶ ነበር። ፍሬሽማን ጨርሶ ዲፓርትመንት ሊመርጥ ነው። «ጋሼ፣ እንደ አንተ መካኒካል ኢንጂነሪንግ ብገባ ምን እሠራለሁ?» አለኝ። ቦይለር አለ፣ የአበባና የሥጋ ማቀዝቀዣ አለ፣ ሊፍት አለ፣ መኪና አለ አልኩት። የአዳማን የነፋስ ተርባይኖችም ጠቀስኩለት።

የራሴን ውሎ ግን አልነገርኩትም። ገላን ፋብሪካ ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ ሞተሮቹን በእጄ መዳሰስ ነው። ዘንጉን ይዞ የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ ሲበላሽ በሙቀቱና በንዝረቱ ይታወቃል። መለዋወጫ ከውጭ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ የተበላውን ዘንግ ተሸክመን ቃሊቲ ቶርኖ ቤት፣ ብረት እየተሽከረከረ ወደሚቀረጽበት፣ እንሄዳለን። እዚያ ያሉት አባባ ዲግሪ የላቸውም። የዘንጉን ጉድለት በጥፍራቸው ያገኙታል። ከእሳቸው የተማርኩት ክፍል ውስጥ ከተማርኩት አያንስም።

ጥገና ትንሽ ሥራ አይደለም። ማሽን ሲቆም የሺፍቱ ሰው ሁሉ እጄን ነው የሚያየው። ሲነሳ ደስ የሚለኝን ደስታ ሌላ ቦታ አላገኘሁትም።

ግን ተማሪ ሳለሁ ማርሽ እነድፍ ነበር። እያንዳንዱን ጥርስ አስልቼ፣ በእርሳስ። ደብተሩ አሁንም አልጋዬ ሥር አለ። ከተመረቅኩ ስምንት ዓመት ሆነኝ። እስከ ዛሬ ከራሴ ሐሳብ ወጥቶ ብረት የሆነ አንድ ነገር ብቻ አለኝ፤ ኩሽኔታ መንቀያ። እሱንም አባባ ናቸው የቆረጡልኝ። ሁላችንም ሰው የሠራውን ስንጠግን ከኖርን ለዚህ ከፍታ የሚሆነውን ማሽን ማን ይንደፈው?

ልጁ ቅዳሜ ተመልሶ ይመጣል። ደብተሩን ላሳየው ወይስ ቶርኖ ቤት ይዤው ልሂድ?