ሎከር ከመግዛታችሁ በፊት ስለ ቁልፉ ጠይቁ

የተማሪ ሎከር ማስገባት የቁልፍ ሥራ ነው። ሳጥኑን ማንም የብረት ሠራተኛ ይሠራዋል፤ ቀለሙንም ኮሚቴ ይመርጠዋል። ቁልፉ ግን በግዢ ሰነድ ላይ አንድ መስመር ብቻ ይሰጠውና፣ ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ የሚያጨቃጭቀው እሱ ይሆናል። እኔ ይህን ሥራ ስይዝ ማንም ያላስጠነቀቀኝ ነገር ይኸው ነውና በዝርዝር ልጻፈው።

መጀመሪያ ቀላሉን ልጨርስ። 180 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ቁም ሳጥን ከላይና ከታች ለሁለት ሲከፈል ለሁለት ተማሪ ይበቃል፤ ስፋቱ ከ30፣ ጥልቀቱ ከ45 ሴንቲ ሜትር ባያንስ ይመረጣል። ውል ከመፈረማችሁ በፊት የተሞላ የተማሪ ቦርሳ ይዛችሁ ሄዳችሁ አስገቡበትና በሩን ዝጉት። የበሩ ላሜራ ከ0.8 ሚሊ ሜትር ከሳሳ ጥጉን በእጅ ጎትቶ ማጠፍ ይቻላል። ከወለሉ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉት፤ ወለል በታጠበ ቁጥር ውሃ የሚነካው ላሜራ ከታች ይዝጋል። በሩ ላይ የአየር መተላለፊያ ቀዳዳ ይኑረው። ሲተከል ውሃ ልክ ተጠቀሙ፤ ወለሉ ጥቂት እንኳ ካዘነበለ ሳጥኑ ይጣመምና በሩ ከመቃኑ ጋር ይፋተጋል፣ ምላሱም ቦታውን ይስታል።

ከግድግዳ ማሰርን ግን በአንድ መስመር አላልፈውም። ባዶ ሎከር ላይ ብዙ በሮች አንድ ላይ ሲከፈቱ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ልጅ ከተንጠላጠለበት ይወድቃል። ጎን ለጎን ያሉትን በ6 ሚሊ ሜትር ብሎን እርስ በርስ እሰሩ፤ ከላይ ደግሞ ከግድግዳው ጋር። ግድግዳው ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ከሆነ ተራው የፕላስቲክ ፊሸር ጊዜ ቆይቶ ይላላል። እዚያ ላይ ከወዲያኛው ወገን ሰፊ ሮንዴላ ያለው ረጅም ብሎን አሳልፉ፤ ካልሆነ ኮንክሪቱን ኮለን ፈልጉ።

አሁን ወደ ቁልፉ። የግዢ ክፍሎች በዝርዝር መግለጫቸው ላይ የላሜራውን ውፍረትና የቀለሙን ዓይነት አብራርተው ይጽፉና ስለ ቁልፉ «ለእያንዳንዱ በር 2 ቁልፍ ያለው» ብለው ያልፋሉ። አቅራቢው ይህን በትክክል ይፈጽማል። እያንዳንዱ በር 2 ቁልፍ ይዞ ይመጣል። እያንዳንዱ ቁልፍ አንድ በር ብቻ ይክፈት ያለው ግን የለም። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ይህን ለማስረዳት ያጠፋሁት ጉልበት እስካሁን ያናድደኛል።

ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። በርካሽ የሎከር ቁልፍ ላይ ጥርስ የሚቆረጥባቸው ቦታዎች 4 ወይም 5 ናቸው እንበል፤ በእያንዳንዱ ቦታ የጥርሱ ጥልቀት 3 ዓይነት ቢሆን፣ በ4 ቦታ 81፣ በ5 ቦታ 243 የተለያየ ቁልፍ ብቻ ይወጣል። አምራቹ ከእነዚህ ውስጥ የማይመቹትን ይጥላል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ያንሳል እንጂ አይጨምርም። 300 በር ባለበት ትምህርት ቤት 81 ዓይነት ቁልፍ ካለ፣ አንዱ ቁልፍ በአማካይ ወደ 4 በር ይከፍታል። ቁልፉ ሲያረጅ ይባስ ብሎ በአንድ ጥርስ ብቻ የሚለየውንም በር ትንሽ ሲነቀነቅ ይከፍተዋል።

ሁለተኛው ጉድለት በሩ ላይ በግልጽ ይታያል። በሩ ላይ ከተገጠሙት ቁልፎች ብዙዎቹ ፊታቸው ላይ እንደ 117 ያለ ቁጥር ተቀርጾባቸዋል። ይህ የሎከሩ ቁጥር አይደለም፤ የቁልፉ ኮድ ነው። በኮሪደር የሚያልፍ ተማሪ የራሱን ቁልፍ ቁጥር ሌላ በር ላይ ካየ ነገሩ አበቃ። ኮዱን በስልክ ፎቶ አንስቶ በዚያ ቁልፍ ማስቀረጽም ይቻላል።

ከዚያ ዕቃ መጥፋት ይጀምራል። በሩ አልተሰበረም፣ ጭረት የለበትም። የአስተዳደሩ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ተማሪው ሳይቆልፍ ሄዶ ነው»። ልጁ ቆልፏል! ደብተሩና ካልኩሌተሩ የጠፋበት ልጅ ግዴለሽ ተብሎ ሲመከር መስማት ያንገበግባል። ሳይሰበር የተከፈተ በር ሲያጋጥማችሁ ልጁን ከመውቀሳችሁ በፊት የበሩን ኮድ የሌሎቹ በሮች ኮድ ከተጻፈበት መዝገብ ጋር አስተያዩ።

ርክክብ ላይ መደረግ የነበረበት ፍተሻ ብዙ ጊዜ አይወስድም። ከእያንዳንዱ በር አንድ አንድ ቁልፍ ወስዳችሁ ጠረጴዛ ላይ በኮዳቸው ቅደም ተከተል ደርድሯቸው፤ የተደገመው ወዲያው ይታያል። ቀጥሎ አንድ ቁልፍ ይዛችሁ ሌሎች 20 በሮች ላይ ሞክሩ። አንድ እንኳ ከከፈተ አትፈርሙ። ከተፈረመ በኋላ አቅራቢው «ያዘዛችሁት ይህንኑ ነው» ይላል፤ በወረቀቱ መሠረትም እውነቱን ነው።

ሎከሩ አንዴ ከገባ በኋላም መፍትሔ አለ። ገንዘብ ከሌለ ተመሳሳይ ኮድ ያላቸውን በሮች በተለያየ ፎቅ አከፋፍሏቸው፤ የፊቱንም ቁጥር በመፋቂያ አጥፉት። ይህ ማስታገሻ ነው። እውነተኛው ጥገና ቁልፉን አውጥቶ በዚያው ቀዳዳ የጓጉንቸር ማንጠልጠያ መግጠም ነው። የቀዳዳው ስፋት ብዙ ጊዜ ከ16 እስከ 19 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሳትለኩ አትግዙ፤ ሁለት ጎኑ ጠፍጣፋ መሆን አለመሆኑንም እዩ፤ ክብ ከሆነ ማንጠልጠያው አብሮ ይዞራል። የጓጉንቸሩ ቀለበት 6 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ከዚያ የወፈረ አንዳንድ ማንጠልጠያ ላይ ላይገባ ይችላል።

ለጓጉንቸሩ ባለ 4 አኃዝ የቁጥር ቁልፍ እመርጣለሁ። ባለ 3 አኃዙ 1,000 አማራጭ ብቻ ነው ያለው፤ ለእያንዳንዱ ሙከራ 2 ሰከንድ ቢወስድ ከ35 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ሁሉም ይሞከራል። በ4 አኃዝ ግን ከ5 ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል። ተማሪዎች ሲቆልፉ የመጨረሻዋን አኃዝ ብቻ ፈቀቅ የማድረግ ልማድ አላቸውና ሁሉንም እንዲያዞሩ ደጋግማችሁ ንገሯቸው።

የአስተዳደር መክፈቻ ያለው ጓጉንቸር ከገዛችሁ፣ ለእያንዳንዱ ክፍል ኃላፊ መምህር አንድ መክፈቻ ይሰጥ የሚሉ አሉ። በዚህ አልስማማም። አንዱ መክፈቻ ሁሉንም በር ስለሚከፍት፣ አንዱ ሲጠፋ የሚጠፋው የሁሉም ደኅንነት ነው። 2 ይበቃል፤ አንዱ ርእሰ መምህሩ ካዝና ውስጥ፣ አንዱ የሎከሮቹ ኃላፊ እጅ። ሎከር ሲከፈት ተማሪው ባለበት፣ በሁለት አዋቂ ፊት፣ በመዝገብ ተጽፎ ይሁን። ትርፍ ቁልፎችን የሎከር ቁጥር ጽፎ ሰሌዳ ላይ መስቀልም ይቅር፤ የራሱ መለያ ይሰጠውና ማዛመጃው መዝገብ ሌላ ቦታ ይቆለፍ።

ሎከር ውስጥ ምን ይግባ? ደብተር፣ መጽሐፍ፣ የስፖርት ጫማ። እርጥብ ልብስና ምግብ አይደርበት። ላፕቶፕ ይቀመጥ፤ ነገር ግን በኤክስቴንሽን ገመድ እዚያው ቻርጅ እንዳይደረግ፤ የሊቲየም ባትሪ በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ሲሞቅ የሚያየው ሰው የለም። ስልክና ገንዘብ ከባለቤቱ አይለይ።

ዓመቱ ሲያልቅ እያንዳንዱ በር ይከፈት፣ ይጠረግ፣ የጓጉንቸሩ ቁጥር ይቀየርና በሩ ክፍት ሆኖ ይክረም። ለሚቀጥለው ግዢ መግለጫ ላይ ደግሞ ይህን አስገቡ፦ «በአንድ ርክክብ ውስጥ ሁለት በር በአንድ ቁልፍ አይከፈትም፤ የቁልፉ ኮድ በበሩ ፊት አይታይም፤ አቅራቢው ከክፍያ በፊት በገዢው ምርጫ በ20 በሮች ላይ ያስሞክራል።» አቅራቢው ዋጋ ይጨምር ይሆናል፤ ይጨምር።